ነቀዝ የበላት መንኮራኩር

ሐብተ ማርያም ያን ሰሞን የፖሊስ ቆብ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር። ከቁስቋም ሠፈር እስከሚሠራበት ትምህርት ቤት ድረስ ቀጥተኛው መንገድ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ እሱ ግን በጣቢያው በር ላለማለፍ ሲል በወንዙ በኩል ይዞራል፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ያስነካል፣ አርፍዶ ይደርሳል። «ምነው ሐብቴ፣ መንገዱን ጅብ በላው እንዴ?» ይለዋል የትምህርት ቤቱ ዘበኛ። ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም። አርባ ዓመት ሊሞላው አንድ የቀረው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ እጁ የተባረከ አናጢ እንደዚያ አጥር ለአጥር ሲሽሎኮሎክ ማየት፣ በሞቴ፣ አንጀት ይበላል።

ሌባ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትፈርዱበት። ያስፈራውንም ነገር አልደብቃችሁም፤ እሱ ሦስት ወር ሙሉ ደብቆት ምን እንደጠቀመው አይቻለሁና።

ከቁስቋም ወዲያ ማዶ አንዲት ትንሽ ደብር አለች፤ ስሟን ተዉኝ፣ ሰዎቿ ዛሬም አሉ። ሐብተ ማርያም አባቱ የሞተበት ልጅ ሆኖ ያደገው እዚያ፣ በቄሰ ገበዙ በአባ ወልደኢየሱስ እጅ ነው። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ሁሉ በቁልፍ የሚጠብቅ ነው። ብራና መፋቅ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከባለቤታቸው ከእማማ ወለተ ሚካኤል ድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቆ ቀለም መበጥበጥ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። በደብሯ ዕቃ ቤት ውስጥ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሣለችባት፣ ባለ ሁለት ገጽ የእንጨት ሥዕል ነበረች። ትንሹ ሐብቴ በጾሙ ሁሉ እሷን ሲያይ ይውል ነበር፤ ጣቶቿን፣ የመጎናጸፊያዋን እጥፋት፣ በግራ ጆሮዋ በኩል የወረደችውን ስንጥቅ ሳይቀር በልቡ ያዘ። ጣሊያን ከጎንደር ሊወጣ በተዋጋበት ዓመት ቦምብ ዕቃ ቤቱን ሲያነደው ሥዕሏም አብራ ነደደች። ከመዝገቡ ላይ ግን ማንም አልሰረዛትም። በዚያ ቀውጢ ጊዜ መዝገብ ማን ትዝ ይለዋል!

ሐብተ ማርያም አድጎ አናጢ ሆነ፣ ትርፍ ጊዜውን ሥዕል ይሥል ጀመር። በላቸው የሚባል ምላሱ ቅቤ የሆነ ደላላ፣ የነገሥታቱ ግንብ በር ላይ ቆሞ ፈረንጅ የሚጠብቅ፣ «አዲስ ሥዕል ማን ያይልሃል? አሮጌ አድርገው እንጂ!» አለው። አደረገው። በወይራ ጭስ አጠነው፣ ቅቤ በነካ ጨርቅ አሸው፣ የጧፍ ሰም አንጠባጠበበት። በመጨረሻ ነቀዝ የበላው እንዲመስል በጋለ ወስፌ ጀርባውን፣ ከታች በስተግራ፣ ሦስት ቦታ በአንድ መሥመር በሳው። ለምን ሦስት፣ ለምን በስተግራ ብትሉት አያውቀውም፤ እጁ የለመደው ነው።

በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ያቺን የልጅነቱን ሥዕል ከትዝታው አውጥቶ ሠራት። ስታልቅ ራሱ ደነገጠ፤ ስንጥቋ እንኳ ቦታዋን አልሳተችም። በላቸው ከእጁ ነጥቆ ወሰዳት፣ ሸጣት። ገዥው ፈረንጅ ግን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተፈተሸና የደብር ቅርስ ሊያወጣ ነው ተብሎ ሥዕሏ ተያዘች። ፖሊስ በየደብሩ መዝገብ ሲያገላብጥ እንዲህ ያለች ሥዕል ተመዝግባ የጠፋችው ከአንዲት ደብር ብቻ ሆነ። ቁልፉ ደግሞ ማን ዘንድ ነው? አባ ወልደኢየሱስ ዘንድ።

«ተቃጥላለች» አሉ ሽማግሌው። ተቃጥላለች ያሏት ሥዕል ሙሉ ሆና ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ምናለ ያኔ «አላውቃትም» ቢሉ! እሳቸው እቴ! አገላብጠው አዩዋት፣ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፣ ተሳለሟት፣ «እሷው ናት» አሉ። በቃ። በገዛ አፋቸው ገመዱን አንገታቸው ላይ አጠለቁ። ወህኒ ወረዱ። በላቸው ወደ አሥመራ ጠፋ። ሥዕሏ የተሠራችው በየካቲት፣ በአናጢ ቤት ጓሮ መሆኑን የሚያውቁ በጎንደር ከተማ ሐብተ ማርያምና ሚስቱ ሸዋአየሁ ብቻ ቀሩ።

ቢናገር አታላይ ተብሎ ይታሰራል፣ ልጆቹ ይበተናሉ። ባይናገር ያሳደጉት ሰው እዚያው ይሞታሉ። ፍርዱ ሰኔ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን በኋላ ባለው ሰኞ እንደሚሰጥ ተነገረ። እንግዲህ መንገድ የሚያስቀይረው ይህ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ሚስተር ቫርጌዝ የጠሩት። ሚስተር ቫርጌዝ ከህንድ አገር የመጡ የሳይንስ አስተማሪ ናቸው፤ መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ ያህላል፣ አማርኛቸው ይሰባበራል፣ ልባቸው ግን ሸጋ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ክዳኑ ተከፍቶ አንድ ካርቶን ተቀምጧል። ውስጡ ከመቶ የማያንስ ነጭ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ አፍንጫዋ የሾለ፣ ክንፏ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ በጨለማ ሰማይ የምትበር መርከብ ሥዕል።

«ወንድሜ ከለንደን ላከ» አሉት። «የጠፈር መንኮራኩር። ለወላጆች ቀን እንሠራለን። መብራት ይበራል። አሮጌ ይሆናል።»

አሮጌ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሐሞቱ ፈሰሰ። «እንዴት ነው አሮጌ?»

«አዲስ ከሆነ መጫወቻ ነው። ብዙ የተጓዘ ከሆነ እውነት ይመስላል። አንተ ታውቃለህ። የወንበር እግር አዲስ ሠራህ፣ ከአሮጌው ለየሁ ብዬ ፈለግሁ፣ አልቻልሁም። አንድ ቀን ሙሉ ፈለግሁ!» ብለው ሳቁ።

ሐብተ ማርያም አልሳቀም። ያቺን የወንበር እግር በልቡ ረገማት። «እንዲህ ያለች መርከብ በእውነት አለች?» አላቸው፣ ጊዜ ለማግኘት ያህል።

«የለችም። ሰው በልብ ወለድ ያሰባት ናት።»

«ያልተሠራች ነገር እንዴት ታረጃለች ታዲያ?»

«እሱን ነው አንተ የምታሳየኝ» አሉት። አልሠራም ለማለት ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ደግሞ አይነገርም። ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረው። ተቀበለ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበር፤ አንዳንዴም ፍርሃቱን እስኪረሳ ድረስ። ቁርጥራጮቹን ከተያያዙበት ቀጭን ዘንግ በምላጭ ይነቅላል፣ ጠርዛቸውን ብራና በሚፋቅበት ሻካራ ድንጋይ ያለሰልሳል፣ ሚስተር ቫርጌዝ ወረቀቱን እያነበቡ «ሰባት ቁጥር ከስምንት ቁጥር» ይሉታል፣ እሱ ያጣብቃል። ማጣበቂያው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ከተሳሳተ ቦታ ካረፈ አይመለስም፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ አንድ ያደርገዋል። በአራተኛው ቀን መርከቧ ክንድ የምታህል ሆና በሁለት ግማሽ ቆመች፤ ሆዷ መብራት ሊገባበት ክፍት ነው።

ለመብራቱ ፒያሳ ወደ ሐቢብ ሱቅ ሄደ። ሐቢብ የድሮ ወዳጁ ነው፣ ሬዲዮ ይጠግናል፣ ሳይቀልድ ዕቃ አይሸጥም። ከተበላሹ ሬዲዮኖች የወጡ የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ አምፑሎችና ቀጭን ሽቦ ሰጠው።

«አሜሪካኖቹ ጨረቃ ላይ ሊወጡ ነው ይላል ሬዲዮው። ልትቀድማቸው ነው አይደል?» አለው።

«ኧረ ተወኝ ሐቢብ።»

«ለካ ሳልነግርህ! ትናንት ፖሊስ መጥቶ ነበር። የሥዕል ቀለም ማን ይገዛል ብሎ ጠየቀኝ። ሐብተ ማርያም ይገዛል፣ ለጥቁር ሰሌዳ ነው አልሁት።» ሐቢብ ይህን የተናገረው ሽቦ እየጠቀለለ ነው፣ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ቢያየው ኖሮ የወዳጁ ከንፈር ሲያመድ ያይ ነበር። ሐብተ ማርያም የገንዘቡን መልስ ሳይቀበል ወጣ፤ ሐቢብ «ምን ሆንህ ሰውዬ!» እያለ ከኋላው ተጣራ። የፒያሳን ቁልቁለት እንዴት እንደወረደው አያውቅም። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እጁን የሚያይ መሰለው፣ እጁን ኪሱ ከተተ።

አምፑሎቹን ገጥሞ፣ ሽቦውን በእርሳስ በይዶ፣ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ሲያገናኝላት ጉድ ፈላ። በመስኮቶቿ ብቻ ማብራት ሲገባት መርከቧ ሙሉዋን እንደ ፋኖስ በራች፤ ስስ የሆነው ፕላስቲክ ብርሃኑን አላስቆመውም። ሚስተር ቫርጌዝ ራሳቸውን ያዙ። ሐብተ ማርያም ግን ያየው ሌላ ነው፤ ውስጧ ያለው ሁሉ ወደ ውጭ ይታያል። «ውስጧን ጥቁር እናልብሳት» አለ። የሠፈሩን የድስት ጥላሸት ሰብስቦ በዘይት ቀለም ለወሰና ሆዷን ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀባው። እንደገና ሲያበራት ከመስኮቶቿና ከጅራቷ በቀር አንዲት ጭላንጭል አላመለጠችም። ሚስተር ቫርጌዝ አጨበጨቡ። እሱ ላብ አጥምቆት ነበር።

ከዚያ ማስረጀቱ መጣ። ሐብተ ማርያም ይህን ሥራ ሁልጊዜ የሚሠራው ጓሮው ውስጥ፣ በር ዘግቶ፣ አንድ ጆሮውን ወደ መንገዱ ሰጥቶ ነው። አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ ተማሪ በሚያልፍበት መስኮት ሥር፣ ሰው እያየው ሊሠራው ሆነ። እንደ ልማዱ በወይራ ጭስ ላይ ቢይዛት የክንፏ ጫፍ እንደ ሰም ልምጥ አለ! ክው አለ። ፕላስቲክ እንጨት አይደለም፣ ለካ። በጣቱ ቀና ሊያደርጋት ሞከረ፣ ጫፏ ግን እንደተቆለመመች ደርቃ ቀረች። ሚስተር ቫርጌዝ መጥተው አዩና «ጥሩ! ፀሐይ አጠገብ አለፈች» አሉ። እሳቸው ሁሉንም ነገር በደስታ ነው የሚቀበሉት። እንዲያ ያለ ሰው ማታለል እንዴት ይከብዳል።

ጭሱን ተወውና ጥላሸቱን በላምባ አቅጥኖ አፈሰሰባት፣ በጨርቅ ጠረገው፤ ጥቁሩ በስንጥቁና በመገጣጠሚያው ውስጥ ብቻ ቀረ። የወንዝ አፈር አድቅቆ ሆዷ ላይ ነሰነሰ። ጅራቷን እሳት እንደላሰው አጠቆረ።

«ሚስተር፣ ስንት ዓመት ተጉዛለች?»

«ሁለት መቶ ዓመት።»

«ሰዎቹ በየት ነው የሚገቡት?» አሳዩት። የበሩን ዙሪያ ቀለሙ እስኪነሣ ድረስ በአውራ ጣቱ አሸው፣ አሸው። «ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ነው ቀድሞ የሚያረጀው። ሥዕልም ቢሆን ሰው የሚሳለመው ከእግሩ በኩል...» አለና ምላሱን ነከሰ።

«ይህን ከየት ተማርህ?» አሉ ሚስተር ቫርጌዝ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

«ከ... ከወንበር» አለ ሐብተ ማርያም።

ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ሸዋአየሁ አሸተተችው። «ወይራ ወይራ ትሸታለህ» አለችው፣ ፊቷ ጠቁሮ።

«የትምህርት ቤት ሥራ ነው።»

«አብደሃል? ከተማው በሙሉ ያንን ሥዕል እያወራ አንተ አደባባይ ላይ ተቀምጠህ አዲስ ነገር ታስረጃለህ? ደረትህ ላይ ጽፈህ ለምን አትዞርም!» ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐብቴ፣ በነዚህ ልጆች ይዤሃለሁ። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ በጃንሆይ ልደት ምሕረት ይፈታሉ። አንተ ከገባህ እኔ ማን አለኝ?» እሷም ፈርታ ነበር። ፈሪ ለፈሪ ምን ይመክራል? ዝም አለ፤ ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

በዘጠነኛው ቀን ጨረሳት። ሩቅ አገር ደርሳ ተደብድባ የተመለሰች መርከብ ነበረች፤ ማንም ቢያያት ያን ይል ነበር። ዞር አድርጎ አያት፣ ወደደም፣ ፈራም። እንዳማረባት ሊያበቃት ሲገባው ወስፌውን በኩራዝ ነበልባል ላይ አጋለ። አእምሮው ስለ ሰኞ ያስባል፣ እጁ የራሱን ሥራ ይሠራል። ጢስ፣ ጢስ፣ ጢስ አለች። ሲነቃ ከመርከቧ ጀርባ፣ ከታች በስተግራ፣ ሦስት ቀዳዳ በአንድ መሥመር ቆመዋል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ከኋላው ሚስተር ቫርጌዝ።

«ነቀዝ» አለ፣ አፉ ቀድሞት።

«ነቀዝ!» አሉ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ፕላስቲክ ነቀዝ አይበላም ሐብቴ! ግን ይሁን። በጠፈር ትንንሽ ድንጋይ አለ፣ እሱ ነው የመታት እንላለን።» ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ሐብተ ማርያም ተረፈ ጣውላ ላይ ተቀመጠ። ሊደፍናቸው አሰበ። በምን ይደፍናቸው? ቢደፍናቸውም ሚስተር ቫርጌዝ አይተዋል፣ ለምን ደፈንህ ይላሉ። ቅዳሜ ጠዋት፣ በወላጆች ቀን፣ መርከቧን እንደበራች አዳራሽ አስገቧት።

የመጀመሪያው እንግዳ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የፖሊሱ ሻምበል። ሥዕሏን ያስያዘው፣ አባ ወልደኢየሱስንም ያሰረው እሱ ነው። መጋረጃው ተዘግቶ በጨለማው ውስጥ መርከቧ ስትበራ አዳራሹ «ውይ!» አለ። ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ አያት።

«ይሄ ብረት ከየት ተገኘ? የጣሊያን ነው?»

«ብረት አይደለም ጌታዬ፣ ፕላስቲክ ነው። ዘጠኝ ቀኑ ነው!» አሉ ሚስተር ቫርጌዝ በኩራት። «በዘጠኝ ቀን ሁለት መቶ ዓመት አስረጃት። ይኸው ሰውዬው!» ብለው ሐብተ ማርያምን ከግድግዳው ጥግ ጎትተው አወጡት።

ሻምበሉ ፊቱን አላየም፤ ጥፍሩ ውስጥ የተቀረቀረውን ጥላሸት አየ። «ዘጠኝ ቀን!» አለ። «አንተስ እጅህ ያስፈራል» ብሎ ሳቀ፣ ወደ ሌላው ጠረጴዛ አለፈ። ሐብተ ማርያም ነፍሱ ተመለሰችለት። ሻምበሉ ግን ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየው፤ ወይም ያየው መሰለው። ፍርሃት ያለበት ሰው ይህን መለየት አይችልም።

ሰዉ ወደ ሽልማቱ ሲሄድ አንዲት አሮጊት ጥቁር ለብሰው ከመርከቧ ፊት ቀሩ። እማማ ወለተ ሚካኤል ነበሩ። የልጅ ልጃቸው አባይነሽ ሽልማት ልትቀበል ነው የመጡት። ከስተዋል፤ በነጠላቸው ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ሐብተ ማርያም ሊሸሽ ዞረ፣ ዓይናቸው ግን ቀደመው።

«ሐብቴ፣ ልጄ። ይሄ ያንተ ነው አሉኝ።»

«አዎ፣ እማማ።»

ጠጋ ብለው አሸተቱት። ፈገግ አሉ፣ አባ ከታሰሩበት ከመጋቢት ወዲህ ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። «የድስት ጥላሸት። እኔ ድስቴን አሳሳችሁት እያልሁ ስጮህ፣ እናንተ ሁለታችሁ ስትስቁ... እጅህ ይባረክ። ወልዴ ቢያይ ምን ያህል ደስ ባለው። ሁልጊዜ፣ እኔ ያስተማርሁት ልጅ ከእኔ በለጠ፣ ይላል።»

ሐብተ ማርያም ዓይኑን ወደ መርከቧ መለሰ።

«አንድ ነገር ልለምንህ ነው የምፈልግህ። ሰኞ ይፈረድበታል። ስለ ጠባዩ ሰው አቅርቡ አሉን። በእጁ ያደግህ አንተ ነህ፣ ቀርበህ ወልደኢየሱስ የሰው ዕቃ አይነካም ብለህ ማልልኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልልህም።» እጁን ያዙት፣ ያንን ጥላሸታም እጅ፣ ሳሙት።

ምነው በሰደቡት! ምነው ጠርጥረው ፊቱ ላይ በተፉበት! ያን ቢያደርጉ እኮ መካድ ይችል ነበር። «እሺ እማማ፣ እቀርባለሁ» አለ። መርከቧ አጠገቡ ትበራለች፤ በአዳራሹ ጭብጨባ ይሰማል፤ እሱ ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ እንደ ሕፃን ነፈረቀ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሚስተር ቫርጌዝ ቤት ሄደና ሁሉንም ተናገረ። ለሌላ ሰው ሲናገረው ይህ የመጀመሪያው ነበር። አስተማሪው ተነሥተው መርከቧን ካርቶኗ ውስጥ አስገቡና ሰጡት። «የባትሪ ድንጋዩን ቀይሬያለሁ» አሉት። ሸዋአየሁ ካርቶኑን ይዞ ሲገባ ስታይ ገባት። አልጮኸችም። ልጆቹን ሰብስባ ጎረቤት ወሰደቻቸውና ተመልሳ የወፍራም ካልሲውን ቀዳዳ ትሰፋ ጀመር፤ እንባዋ መርፌው ላይ ይወርዳል።

ሰኞ ፍርድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። ሐብተ ማርያም ካርቶኑን አቅፎ ምስክር ሳጥን ውስጥ ቆመ። ምሎ ከጨረሰ በኋላ የመሃል ዳኛው «ስለ ተከሳሹ ጠባይ የምታውቀውን ተናገር» አሉት።

«ሥዕሏን የሠራኋት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ እንደ ሴት ልጅ ቀጠነ። «የድሮዋ ተቃጥላለች። አባ እውነታቸውን ነው። ይቺ በየካቲት የተሠራች ናት።»

ሳቅና ጩኸት ተደባለቀ። ዳኛው ጠረጴዛ መቱ። «ሁለት መነኮሳት የደብራችን ናት ብለው መስክረዋል፣ ተከሳሹ ራሱ አምኗል፣ ሥዕሏ የሁለት መቶ ዓመት ናት። አንተ ያሳደገህን ሰው ለማዳን ነው የምትዋሸው።»

ይህን አልጠበቀም ነበር። ለመታሰር ሲፈራ ከርሞ አሁን የሚያስረው አጣ! ካርቶኑን ከፈተ፣ መርከቧን አወጣ፣ ሽቦውን አገናኘ። በዝናቡ በጨለመው አዳራሽ ውስጥ በራች። «ይቺስ ስንት ዓመቷ ነው ጌታዬ?» አለ።

ዳኛው አዩዋት። ከኋላ ሻምበሉ ተነሣ። «ዘጠኝ... ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አይቻታለሁ።»

«ጀርባዋን ይዩልኝ። ከታች፣ በስተግራ። ከዚያ ሥዕሏን ያስመጡልኝ። የነቀዝ ቀዳዳ ጠማማ ነው፣ እየዞረ ነው የሚበላ። የኔ ወስፌ ቀጥ ያለ ነው። መርፌ ያስገቡበት።»

ሥዕሏን አመጡ፣ ጀርባዋን ገለበጡ። ሦስት ቀዳዳ። ሻምበሉ ከአንዲት ሴት ነጠላ ላይ መርፌ ተቀብሎ በመጀመሪያው ሰደደ፣ ያለ እንቅፋት ገባች። በሁለተኛው። በሦስተኛው። ሐብተ ማርያም ያየው ግን መርፌውን አይደለም፤ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የቆሙትን አባ ወልደኢየሱስን ነበር። እሳቸው ደግሞ መርፌውን እያዩ ፊታቸው ቀስ በቀስ ይወድቅ ነበር። ነጻ የሚወጣ ሰው ፊት አይመስልም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ወህኒ ወሰዷቸው፤ አንዱን ሊፈቱ፣ አንዱን ሊያስገቡ። በዝናቡ ጎን ለጎን ሄዱ፣ በመሃላቸው አንድ ወታደር። ሐብተ ማርያም ይቅር ይበሉኝ ማለት ፈራ፤ አሁንም ይፈራል፣ አሁን ግን የሚፈራው እሳቸውን ብቻ ነው።

በሩ ላይ ቆሙ። «ተአምር መስሎኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «የተቃጠለችው ተመለሰች ብዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ እዚያ ውስጥ ሳመሰግን ነው የከረምሁ። ታስሬ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሐብቴ።»

ሐብተ ማርያም እግራቸው ሥር ወደቀ፣ ወታደሩ ጎትቶ አነሣው። አባ ወልደኢየሱስ ጥቂት አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ በዝናቡ በቀሚስ ብቻ ቀርተው፣ አንገቱ ላይ ጠመጠሙለት።

«በስተቀኝ ያለው ጥግ ያፈሳል» አሉት። «ወደ በሩ ጠጋ ብለህ ተኛ።»